ሃያ አንደኛው ክፍት ቦታ

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አርብ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ በየአገሩ ላሉ የደንበኞቹ ኮምፒውተሮች አንድ ፋይል ላከ። ችግር እንዳለው ታውቆ ፋይሉ የተመለሰው ከ78 ደቂቃ በኋላ ነው። ግን ረፍዷል። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወድቀዋል። ዴልታ አየር መንገድ ብቻውን በአምስት ቀን ውስጥ ወደ 7,000 የሚጠጉ በረራዎችን ሰረዘ። የሆስፒታሎች፣ የባንኮችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሥራ ተስተጓጎለ። ባለሙያዎች እያንዳንዱ ማሽን ዘንድ እየሄዱ ፋይሉን በእጃቸው ማጥፋት ነበረባቸው።

ብዙ ሰው የሳይበር ጥቃት መስሎት ነበር። አልነበረም። የተላከው አዲስ ፕሮግራም እንኳ አልነበረም። ፕሮግራሙ ምን ምን እንዲከታተል የሚነግር የቅንብር ፋይል ነበር።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር እዚህ ጋ ይጀምራል። በሶፍትዌር ሥራ ፕሮግራም ይከበራል፣ ቅንብር ይናቃል። በክራውድስትራይክም እንዲሁ ነበር። ፕሮግራሙ ሲሻሻል ደንበኞች ከፈለጉ አንድ ወይም ሁለት እትም ወደኋላ ቀርተው መጠበቅ ይችሉ ነበር። የቅንብር ፋይሉ ግን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይላክ ነበር። አበው «የናቁት ያደርጋል ራቁት» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

ታዲያ ቅንብር አይፈተሽም ማለት ነው? ይፈተሻል። ዘዴውም የቆየ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ሲያዘጋጅ ስም የቱ ጋ እንደሚጻፍ፣ ዕድሜ በቁጥር እንደሚሞላ፣ የትኛው ክፍት ቦታ መታለፍ እንደሌለበት ይወስናል፤ ያልተሟላውን ይመልሳል። በሶፍትዌር ዓለም እንዲህ ያለው ደንብ ስኪማ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ኤስጂኤምኤል የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሰነድን አሠራር አስቀድሞ በጽሑፍ ደንግጎ ሰነዱን በዚያ መመዘን የሚያስችል ሥርዓት ነበረው። በ2001 ደግሞ ኤክስኤምኤል ስኪማ ጸደቀ። ዓላማው አንድ ነው፦ የተበላሸ ፋይል ጉዳት ሳያደርስ በር ላይ እንዲያዝ፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ክራውድስትራይክም በር ላይ ፈታሽ ነበረው። በየካቲት 2016 ኩባንያው አዲስ ዓይነት ቅንብር ሲያወጣ ደንቡ 21 ክፍት ቦታዎች እንዳሉት ደነገገ። በደንበኛው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ግን የሚያቀርበው 20 ብቻ ነበር። ከአራት ወር በላይ ምንም አልተፈጠረም። ምክንያቱም ሃያ አንደኛው ቦታ ላይ ሁልጊዜ «ማንኛውም ይሁን» የሚል ምልክት ስለሚቀመጥ ያንን ቦታ የሚያነብ አልነበረም። በዚያች አርብ ግን የተላከው ፋይል ሃያ አንደኛውን እንዲያነብ አዘዘ። ፈታሹ ደንቡን አየ፣ 21 ይላል፤ ፋይሉን አየ፣ 21 አለው፤ አሳለፈው። ፕሮግራሙ የሌለውን ሃያ አንደኛ ሲፈልግ ከተፈቀደለት የማስታወሻ ክልል ወጣ። የሚሠራው በዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ስለነበር ዊንዶውስን ይዞት ወደቀ።

ያኔ «ሳይፈትሹ ላኩት» ያሉ ብዙ ነበሩ። ሁሉን ፋይል በአንድ ጊዜ ከመላክ ይልቅ ቀስ በቀስ፣ በጥቂት ማሽኖች ቢጀምሩ ኖሮ ጉዳቱ ይቀንስ እንደነበር አያከራክርም። ሆኖም ፍተሻ ነበረ፤ ፍተሻውም «ትክክል ነው» ብሏል። የጎደለው ደንቡንና ፕሮግራሙን ጎን ለጎን አስቀምጦ «እናንተስ ትስማማላችሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ፕሮግራሙ የማያውቀው ስኪማ ከጎደለ ስኪማ ይብሳል፤ ሰውን ያዘናጋልና።

በሐምሌ መጨረሻ ኩባንያው ባወጣው ዘገባ የዘረዘራቸው እርምጃዎችም ይህንኑ የሚመሰክሩ ናቸው፦ የክፍት ቦታዎቹ ቁጥር ፕሮግራሙ ገና ሲዘጋጅ እንዲመሳከር፣ ፕሮግራሙ ራሱም ከማንበቡ በፊት እንዲቆጥር፣ ፋይሉም በየደረጃው እንዲላክ። መስከረም 14 ቀን 2017 የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ አዳም ሜየርስ የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ።

በረራው፣ ሕክምናው፣ ገንዘቡ በእንዲህ ያሉ ፋይሎች ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ለማንኛውም ተቋም «ትፈትሻላችሁ?» የሚለው ጥያቄ አይበቃም። ሁሉም «አዎ» ይላል። ተከታዩ ጥያቄ ነው የሚከብደው፦ ፈታሹ የያዘው ደንብ ከፕሮግራሙ ጋር መስማማቱን ማን አየ?