ሙዚቃችን ማን ቤት ነው ያለው?

እኛ ቤት ሙዚቃ መጀመሪያ ይኖር የነበረው ቡፌ ውስጥ ነው። ከላይ ብርጭቆዎቹ፣ ከታች የአባባ ካሴቶች። ሽፋኖቹ እርስ በርስ ስለተለዋወጡ የትኛው ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቁት አባባ ብቻ ነበሩ። በኋላ ካሴቶቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጠን ሳሎንም መኝታ ቤትም ማሰማት ጀመርን። ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ስንቆፍር ያገኘነውን ታሪክ እነሆ! (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከመጠን ነው። የሲዲ ሙዚቃ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። በጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ዋና ድካም የተወለደውና በ1995 የፋይል ስሙን ያገኘው ኤምፒስሪ ይህን ወደ 1 ሜጋባይት አወረደው። 40 ጊጋባይት ዲስክ 10,000 ዘፈን ያህል ቻለ ማለት ነው። ግን ዘፈኑ ያለው ኮምፒውተሩ ጋ፣ ደህናው ስፒከር ያለው ሳሎን!

በ2001 ስሊም ዲቫይስስ የተባለ ትንሽ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ስሊምፒስሪ የምትባል ሳጥን አወጣ። ሳጥኗ ሃርድ ዲስክ የላትም። ዘፈኑ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ ይቀመጣል፤ እሷ በኔትወርክ ገመድ እየተቀበለች ለስፒከሩ ታቀብላለች። በ2003 የመጣው ስኩዊዝቦክስ ገመዱን በዋይፋይ ተካ። ሎጂቴክ በ2006 ኩባንያውን በ20 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2012 ምርቱን አቆመ፤ በ2024 ደግሞ ሳጥኖቹ በኢንተርኔት የሚገናኙበትን አገልግሎት ዘጋ።

ታዲያ ሳጥኖቹ ሞቱ? አልሞቱም። ዘፈኑን የሚያድለው የሰርቨር ሶፍትዌር ከመነሻው ለማንም ክፍት ነበር። በጎ ፈቃደኞች ተረክበውት ዛሬ ሊርየን ሚዩዚክ ሰርቨር ይባላል። ዘፈኑንም ሰርቨሩንም ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ሙዚቃው አልተቋረጠበትም።

ይህን ስናነብ አምሃ እሸቴ ትዝ አሉን። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ በ1969 ደፍረው አምሃ ሬከርድስን አቋቋሙ። በ1975 ከአገር ሲወጡ ሥራው ቆመ። ከ1997 ጀምሮ ግን ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጃቸው የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ከዚያ ሥራ ብዙው እንደገና ተሰማ። አሳታሚው ቢዘጋም ቅጂው ተርፎ ነበርና።

ወደ ቡፌው እንመለስ። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ ጋር አገናኝቶ ቁጭ ማለት ነው። ሰርቨር ያደረግነው አሮጌ ኮምፒውተር አድራሻው እንዳይቀያየር ራውተሩ ላይ ቋሚ ቁጥር ሰጠነው። ያለዚያ ማጫወቻው «ሰርቨሩ ጠፋኝ» ይላል።

ከሁሉ ያደከመን ስም ነው። «ገሠሠ» እና «ገሰሰ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ጥላሁን ሁለት ሰው ይሆናል። አንዳንድ የኢንተርኔት መዝገቦች ደግሞ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አስመስለው ያስቀድማሉ፤ ጥላሁንን «ጥ» ላይ ስትፈልጉት አታገኙትም። እኛ አንድ አጻጻፍ መርጠን ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍን።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቀን ዋናውን ዘነጋን። ቡፌው ይለቀቅ ተብሎ ካሴቶቹ ተጣሉ። አንድ ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኩ አልነሳ አለ። ሌላ ዲስክ ላይ የገለበጥናቸው ተረፉ፤ 14 ካሴቶች ግን ቅጂ አልነበራቸውም። አባባ አልተቆጡም። «የትኞቹ ናቸው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። መልስ አልነበረንም። ዝርዝሩም የነበረው እዚያው ዲስክ ላይ ነው።

ኩባንያ ይዘጋል፣ ሳጥን ያረጃል፣ ዲስክ ይሞታል። አሁን እኛ ቤት ሁለት ዲስክ አለ፤ አንዱ አክስታችን ቤት ይቀመጣል። ዝርዝሩ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል። እናንተስ ቤት ሁለተኛው ቅጂ የት ነው?