አስሊ፦ የቼዝ «ኢንጂን» እና ቅንብሩ

«ኢንጂኑ ነጭ ይበልጣል ብሏል» ከተባለ በቼዝ ተጫዋቾች መካከል ክርክሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል። ኢንጂን የጨዋታ አቀማመጥ ሲሰጠው የሚሻለውን እርምጃ አስልቶ የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። እዚህ «አስሊ» ብዬዋለሁ። «የፍለጋ ሞተር» እንደሚባለው «የቼዝ ሞተር» ለምን አይባልም የሚል አይጠፋም፤ ስህተትም አይደለም። ሆኖም ሞተር ጉልበትን እንጂ ሥራውን አይገልጽም። አስሊ ሲባል ግን «በምን ያህል ጊዜ፣ በምን አቅም አሰላ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የአስሊው ፍርድ የሚወሰነው በአቀማመጡ ብቻ ሳይሆን ከመነሳቱ በፊት በተሰጠው ቅንብርም ነው።

አስሊ የራሱ ሰሌዳ የለውም። ስዕሉን የሚያሳየውና የማውስ ጠቅታን የሚቀበለው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እሱን «ሰሌዳው» እንበለው። ሁለቱ በተራ የጽሑፍ መስመሮች ይነጋገራሉ። የንግግሩን ሥርዓት፣ ማለትም ዩሲአይን፣ ሽቴፋን ማየር ካህለንና ሩዶልፍ ሁበር በ2000 እ.ኤ.አ. አወጡት። አስሊው ሲነሳ ሰሌዳው «ዩሲአይ» ብሎ ይጠራዋል። አስሊውም ስሙን፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮቹንና የእያንዳንዳቸውን መነሻ ልክ ይዘረዝራል። ከዚያ ሰሌዳው ተጠቃሚው የመረጠውን ያስተላልፍና መዘጋጀቱን ይጠይቀዋል። በቅንብር መስኮቱ የሚታዩት የስሌት አማራጮች እንግዲህ አስሊው ራሱ ያቀረባቸው ናቸው፤ አስሊ ሲቀየር ዝርዝሩም የሚቀየረው ለዚህ ነው።

በነፃ የሚገኘው አስሊ ስቶክፊሽ ማንም ካልነካው የሚነሳው በአንድ የስሌት ክርና በ16 ሜጋባይት ሃሽ ነው። ክር ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ አንድ የስሌት ሥራ ነው፤ ሃሽ ደግሞ የመዝገብ ቦታ ነው። (ሰንጠረዥ ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የጥንቱ የአገራችን ቼዝም ስሙ ሰንጠረዥ ስለሆነ «የሰንጠረዥ ሰንጠረዥ» ማለት ሊመጣ ነው።) አንድ አቀማመጥ ላይ በተለያየ የእርምጃ ቅደም ተከተል መድረስ ስለሚቻል፣ አስሊው ያሰላውን እዚህ መዝግቦ ዳግም ሲያገኘው ከመዝገቡ ያነባል። ትንተናው ሲረዝም ትንሹ መዝገብ ይሞላል፤ አዲሱ አሮጌውን ይተካል፤ የተሠራው ሥራም እንደገና ይሠራል። ሦስተኛው ቅንብር መልቲፒቪ ነው፤ «የመስመር ብዛት» ብንለው ይገልጸዋል። መነሻው 1 ስለሆነ አስሊው የመረጠውን አንድ መንገድ ብቻ ያሳያል። ወደ 3 ከፍ ሲል ሁለተኛውና ሦስተኛው ምርጫ ከነግምታቸው ይታያሉ። ይህ በነፃ አይመጣም፤ ጉልበቱ ስለሚከፋፈል በዚያው ጊዜ የሚደርስበት ጥልቀት ይቀንሳል። ለተማሪ ግን ዋጋው የሚያዋጣ ይመስለኛል። የመጀመሪያው እርምጃ ከሁለተኛው በግምቱ በጥቂት የነጥብ መቶኛ ብቻ ከበለጠ ምርጫው የስልት ጉዳይ ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ፈረስ ያህል ከሆነ ደግሞ ሌላው መንገድ ሁሉ ዝግ ነው። አንድ መስመር ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ሁኔታዎች መለየት አይችልም።

«ስቶክፊሽ ባልተነካ ቅንብሩም ከዓለም ሻምፒዮን ይበልጣል፤ ታዲያ ምን ያደክማል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ለማሸነፍ ቢሆን ኖሮ እውነት ነበር። ተንታኝ የሚፈልገው ግን ተቀራራቢ እርምጃዎችን ማወዳደር ነው፤ ቅንብር የሚያሳስተውም በትንንሾቹ ልዩነቶች ላይ ነው። አስሊው የሚሰጠው የግምት ቁጥርም ቢሆን የወታደር ቆጠራ አይደለም፤ ከ15.1 እትም ወዲህ በስቶክፊሽ +1.00 ማለት በግምት ግማሽ የማሸነፍ ዕድል ማለት ነው። ሁሉንም እስከ ጫፍ ማሳደግም መፍትሔ አይሆንም። ሃሹ ከኮምፒውተሩ ራም ከበለጠ ማሽኑ ወደ ዲስክ መጻፍ ይጀምርና አስሊው ይንቀራፈፋል። ክሮቹም ሲበዙ ፍጥነት ቢጨምርም መልሱ አንድ ዓይነት መሆኑ ይቀራል፤ ክሮቹ የጋራውን መዝገብ የሚጽፉበትና የሚያነቡበት ቅደም ተከተል ስለሚለያይ ያው ማሽን በዚያው ቅንብር ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ትንተናውን ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያረጋግጥለት የሚፈልግ ወደ አንድ ክር ይመለስ፤ መዝገቡን ያጽዳ፤ ማቆሚያውንም በሰዓት ሳይሆን አስሊው በሚመረምራቸው አቀማመጦች ብዛት ይወስን።