«ሺያኦ»፦ ሽማግሌው ከላይ፣ ልጁ ከታች

የቻይናውያኑን «ሺያኦ» ወደ አማርኛ ለሚያመጣ ሰው ቅርቡ አባባል «ጧሪ ቀባሪ መሆን» ነው። የአጻጻፍ ምልክቱን ያየ ነገሩ ወዲያው ይገለጥለታል፤ ከላይ «ሽማግሌ» ከሚለው ምልክት የተቆረጠ ክፍል፣ ከሥሩ ደግሞ «ልጅ»። ቻይናዊው ሊቅ ሹ ሸን እ.ኤ.አ. በ100 ዓ.ም. ባጠናቀቀው መዝገበ ቃላቱ፣ ልጅ አዛውንቱን ተሸክሞ ማለት ነው ብሎ ፈቶታል።

መጦር ብቻውን ግን ሺያኦ አይባልም። ኮንፊሽየስ በዚህ ጥብቅ ነበር፤ ውሻና ፈረስም ይቀለባሉና፣ አክብሮት የሌለበት ጉርሻ ከዚያ በምን ይለያል ብሎ ጠይቋል። ቃሉ ነፍሱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

መቅበሩም ቀላል አልነበረም። በንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን አባት ወይም እናት የሞተበት ሹም ሥልጣኑን አስቀምጦ አገሩ ይገባና እስከ ሦስተኛው ዓመት የሚዘልቅ ሐዘን ይቀመጥ ነበር። ሹመቱ ራሱ አንዳንዴ የሚገኘው በሺያኦ ነበር፦ የሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ134 አውራጃዎቹ ወላጅ አክባሪና እጀ ንጹሕ ሰዎችን መርጠው እንዲልኩ አዘዘ።

ዛሬስ? እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቻይና የአረጋውያን ሕግ፣ ርቀው የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲጠይቁ ወይም ደኅንነታቸውን እንዲያጣሩ ያዛል።