ካርቱን ሁሉ የልጅ ነው ወይ? አንድ የበዓል ፊልምና የእኛ ልጆች

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው የታንክስጊቪንግ በዓል እዚህ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ በቤቴ ሳሎን የተነሳ ክርክር ነው። የአሥራ ሁለት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ "የበዓል ካርቱን ላሳያችሁ" አለ። ምንጣፉ ላይ ከተኮለኮሉት ሕፃናት አንዷ የስምንት ዓመት ልጄ ነበረች። እኔ ርዕሱን ገና ሳነበው ስልኩን ከእጁ ቀማሁት። እህቴ ተቆጣች። ለምን እንደተቆጣች ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

አሜሪካኖች የበዓል ካርቱን የሚሉት ነገር የቆየ ልማድ ነው። ቀይ አፍንጫው ሩዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የቻርሊ ብራውን ገና በ1965፣ ግሪንች በ1966 በቴሌቪዥን ቀረቡ። ቤተሰብ በሙሉ አብሮ የሚያያቸው ስለነበሩ "ይህ ለልጄ ይሆናል ወይ?" ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ ብዙም አልነበረም። ከአዲስ አበባ የመጣው ወላጅ ደግሞ የልጆች ፕሮግራም ሲባል ትዝ የሚለው አባባ ተስፋዬ ነው፤ ልጆች ሰብስበው ተረት የሚያወሩ አዛውንት። ስለዚህ በሥዕል የተሠራ ነገር ሁሉ የልጅ ነው ብሎ ማመን ለወላጆቻችን የዋህነት አልነበረም። ያዩት እሱን ብቻ ነዋ!

ይህን እምነት ያፈረሱት ሁለት ወጣቶች የዚሁ የእኛ ስቴት ልጆች ናቸው። ትሬይ ፓርከር ከዴንቨር በስተምዕራብ ካለችው ተራራማ ከተማ ከኮኒፈር፣ ማት ስቶን ደግሞ ከሊትልተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ወረቀት እየቀደዱ አንድ አጭር የገና ካርቱን ሠሩ። በ1995 አንድ የቴሌቪዥን ኃላፊ ለወዳጆቹ እንደ ገና ካርድ የሚልከው ሁለተኛ አሠራቸው፤ እሱም በቪዲዮ ካሴት እየተባዛ አገር አዳረሰ። ከዚያ በነሐሴ 1997 "ሳውዝ ፓርክ" የተባለው ተከታታይ ተጀመረ። የሚገርመው፣ ለልጆች የማይሆነው ይህ ካርቱን ራሱ የተወለደው ከገና ካርቱን ነው። መልኩ ግን የመዋዕለ ሕፃናት የወረቀት ሥራ ይመስላል። አወናባጁም ይኸው መልኩ ነው።

በኅዳር 19 ቀን 1997 ዓ.ም. (በእኛ ኅዳር 10 ቀን 1990) የታንክስጊቪንግ ክፍላቸው ቀረበ። ታሪኩ እንዲህ ነው። አራት የኮሎራዶ ልጆች በቴሌቪዥን የእርዳታ ማስታወቂያ ያዩና ለማበረታቻ የሚሰጠውን የእጅ ሰዓት ፈልገው ገንዘብ ይልካሉ። በስህተት ከሰዓቱ ይልቅ አንድ የተራበ ኢትዮጵያዊ ልጅ ይደርሳቸዋል። ካርትማን የሚባለው ወፍራሙ ልጅ "ስታርቪን ማርቪን" ብሎ ይሰይመዋል፤ ረሃብተኛው ማርቪን እንደማለት ነው። ልጁ አማርኛ አይናገርም፤ ምላሱን ያጮሃል። ምላስ ማጮህ የደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች ድምፅ ነው። የእኛ ጠ፣ ጨ፣ ቀ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ማን ግድ አለው?

እኛ በ1996 በዲቪ መጥተን ከኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ በአንዲት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ እንኖር ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ፣ እህቴ ስድስት ዓመቷ። አባቴ ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል። ኬብል ስላልነበረን አንድ የአጎቴ ልጅ ያንን ክፍል ቀድቶ በካሴት አመጣልን። እናቴም ካርቱን መሆኑን ስታይ "እሰይ፣ እንግሊዝኛ ይማሩበት" ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

እዚህ ላይ እንደ መሐንዲስ አንድ ነገር ልበል። በዚያው ዓመት በጥር ወር የአሜሪካ ቴሌቪዥን የዕድሜ ደረጃ ምልክት ማሳየት ጀምሮ ነበር፤ ለሕፃናት ከሚሆነው ከ"ቲቪ-ዋይ" አንሥቶ ለአዋቂ ብቻ እስከሆነው እስከ "ቲቪ-ኤምኤ" ድረስ። ሳውዝ ፓርክ የመጨረሻውን ነው ያገኘው። ምልክቱ በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች በስክሪኑ ማዕዘን ይታያል። "ቪ-ቺፕ" የተባለው መሣሪያ ደግሞ ሕጉ በ1996 ቢወጣም፣ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ በሆነ አዲስ ቴሌቪዥን ሁሉ ላይ ግዴታ የሆነው ከጥር 2000 ጀምሮ ነው። በዚያን ጊዜ አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ከማይታዩት የሥዕል መስመሮች በአንዱ፣ በ21ኛው ላይ፣ የደረጃው ኮድ ተደብቆ ይመጣ ነበር፤ ወላጅ ከወሰነው በላይ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ ነበር። በእኛ ቤት ግን ቺፑም የለ፣ ካሴቱም የተቀዳው ዘግይቶ ስለሆነ ምልክቱ ተቆርጧል። ቢኖርስ? ለስድብ፣ ለድብድብ፣ ለወሲብ ፊደል አላቸው። የገዛ አገርህን ልጅ አጥንቱን ቆጥሮ መሳቂያ ለማድረግ ግን የተመደበ ፊደል የለም።

እህቴ ጮክ ብላ "እማዬ፣ ይሄ ልጅ የእኛ አገር ልጅ ነው?" ብላ ጠየቀች። እናቴ መጥታ ቆመች። ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ በ77 ዓ.ም. ወደ ኮረም በሚወስደው መንገድ ዳር የወደቀውን ሕዝብ በዓይኗ ያየች ሴት ናት። ትንሽ አየች፣ ከዚያ ሶኬቱን ነቀለችው። አንድም ቃል አልተናገረችም። በማግሥቱ ካሴቱን ቆሻሻ ውስጥ አገኘሁት። እኔ ግን በትምህርት ቤት የምሳ አዳራሽ ያንን ስም እስከ ሰኔ ድረስ ስሰማ ከረምኩ።

ለነገሩ ፊልሙን አድጌ ስመለከተው የሚሳለቀው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። እንዲያውም ዱላው በአብዛኛው የሚያርፈው በአሜሪካኖቹ ላይ ነው፤ በማስታወቂያዋ የምትታወቀው ሳሊ ስትራዘርስ የእርዳታውን ምግብ ደብቃ ስትበላ ትታያለች፤ ካርትማን በስህተት ኢትዮጵያ ተወስዶ ይራባል፤ ማርቪን በመጨረሻ የቱርክ ሥጋ ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ሥዕሉም ከሰማይ የወረደ አይደለም። በጥቅምት 1984 ማይክል ቡርክና መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት የቢቢሲ ዘገባ፣ በዚያው ኅዳር የእንግሊዝ ዘፋኞች ተሰብስበው "ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?" ብለው የሠሩት ዘፈን፣ በሐምሌ 1985 ላይቭ ኤይድ፤ እነዚህ ሁሉ አንድን የተራበ ልጅ ከፈረንጅ በዓል ጋር አጣብቀው የኢትዮጵያ መታወቂያ አደረጉት። (ከዔዛና ዘመን ጀምሮ ክርስትናን የምታውቅ አገር ገናን ታውቅ እንደሆነ መጠየቁ ራሱ አንድ ካርቱን ይወጣዋል!) ፓርከርና ስቶን ያገኙትን ምስል ነው የቀለዱበት። ይህን የሚረዳው ግን የቀልዱን አቅጣጫ የሚያውቅ ሰው ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የምታየው አንድ ነገር ነው፤ ሁሉም ይስቃል፣ የሚሳቅበት ደግሞ አያቷን ይመስላል።

እህቴ የተቆጣችው ስልኩን ስለቀማሁ አልነበረም። "ዝም ብለህ ስለቀማህ ነው" አለችኝ። "እኔ ከዚያ ካርቱን አንድም ቀልድ አላስታውስም። የማስታውሰው ስክሪኑ ሲጠቁርና እማዬ ዝም ስትል ነው። ያ ልጅ የምናፍርበት ዘመዳችን መስሎኝ ነው ያደግሁት።" መልስ አጣሁ። እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ፊልሙን በዚያ ቀን አላሳየኋቸውም፤ ለስምንት ዓመት ልጅ አይሆንም፣ በዚህ አቋሜን አልለወጥኩም። ለእህቴ ልጅ ግን አሥራ አራት ሲሞላው አብረን እናየዋለን ብዬ ቃል ገባሁለት። ስለ 77 ዓ.ም. ግን ለልጄ የነገረቻት እናቴ ናት። በኋላ የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ ቡና እየቆላች፣ ማንም ሳይጠይቃት ጀመረች። ከደሴ በሚወጣው መንገድ ዳር ለተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ እንደሰጠችው፣ እሱም ግማሹን ለእናቱ እንዳቆየ አወራቻት።

ልጄ "ስሙ ማን ነበር፣ እማማ?" አለቻት።

እናቴ ቡናውን ማማሰሏን አቆመች። "አልጠየቅሁትም" አለች።