ዘንግ ማሳጠር

ጨዋታው የተጀመረው ሚዛን ተፈሪ፣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ነው። የያዝነው አሮጌ ሂሉክስ ፒክአፕ ከጂማ ጀምሮ ማርሹ እንደ ሰካራም ሲወላገድ ነበር የመጣው። ወጣቱ ሹፌራችን መፍትሔውን ገና መንገድ ላይ ወስኗል። «ጋሼ፣ ዘንጉን ቶርኖ ቤት አስቆርጠዋለሁ። አጭር ማርሽ ፈጣን ነው» አለኝ። ሽማግሌው መካኒክ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «የረዘመው ለጌጥ መሰለህ እንዴ?»

እኔ መቼም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ነኝና ጆሮዬ መጀመሪያ የያዘው ቃላቱን ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቶርኖ፣ ታኮ፣ ፎሌ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጂማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ፣ ከአዲስ አበባ ወደዚያ የመኪና መንገድ ሲዘረጋ የጋራዡን ቋንቋም አብሮ ዘረጋ። እሱ ተባረረ፣ ቃላቱ ቀሩ። «ፎሌ» በአገሩ «እብድ» ማለት ነው፤ ሞተሩ ከጎማው ተለይቶ ብቻውን የሚዞርበት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ የጎጀብን ቁልቁለት በፎሌ የወረደ ሹፌር ስሙ ለምን እንደወጣለት አይጠፋውም።

ከዚያ በኋላ የዚህን አገር ቡና ከጫካ አውጥቶ ለገበያ ያበቃው መኪና ነው። ከባዱን ፊያት፣ ሕዝቡ «ኤንትሬ» የሚለውን፣ የሚያስታውስ አንባቢ አይጠፋም። ያን ጊዜ ማርሽ መቀየር ሙያ ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. ካዲላክ ሲንክሮ የሚባለውን ነገር አወጣ፤ ሁለቱ ጥርሶች ከመግጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስማማ ቀለበት ነው። ወደ እኛ የመጡት መኪኖች ግን ሁሉም ይህን አሟልተው አልመጡም። ላንድሮቨር እንኳ አንደኛና ሁለተኛው ማርሽ ላይ ሲንክሮ ያገኘው በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ ሞዴሉ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ በፎሌ ያሳልፋል፣ ነዳጅ ይሰጣል፣ ደግሞ ይረግጣል፤ የሞተሩን ድምፅ አዳምጦ ያስገባል። ካልገባለት፣ ረዳቱ ታኮውን ይዞ መዝለሉ ነው። ለእንዲህ ያለው እጅ ረዥም ዘንግ ባለውለታው ነበር።

የመካኒኩ ሳቅ የገባኝ ሒሳቡን መሬት ላይ በጭረት ሲያሳየን ነው። ዘንጉ በአንድ ኳስ ላይ ይዞራል። ከኳሱ በላይ 40 ሳንቲ ሜትር፣ በታች 8 ቢሆን፣ እጅ 10 ሲሄድ የታችኛው ጫፍ 2 ይሄዳል። ከላይ 10 ብትቆርጥለት፣ እጅህ 7 ተኩል ሄዶ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ጉልበቱ ግን በሲሶ ይጨምራል። በደንብ ተሠርቶ የሚሸጠው አጭር ማርሽ የታችኛውን ክንድ ነው የሚያስረዝመው፤ 8ቱ 10 ሲሆን እጅ 8 ይሄዳል፣ ጉልበቱም በሩብ ይጨምራል። በነጻ የሚገኝ የለም። አሜሪካኖቹ በ1964 እ.ኤ.አ. ፖንቲያክ ጂቲኦን ከኸርስት ማርሽ መቀየሪያ ጋር ሲሸጡ መኪናውን ያሰቡት ለቀጥታ አስፋልት ነው። ቡና ጭኖ ጭቃ ለሚወጣ፣ በቀን መቶ ጊዜ ለሚቀይር ሰው ያ ሲሶ ማታ ትከሻው ላይ ያድራል። በጉልበትና በችኮላ የተገፋውን ደግሞ ያ ቀለበት ይከፍለዋል፤ ቀለበት ለመቀየር ካምቢዮ ይወርዳል።

«ያንተ መኪና ችግሩ ርዝመት አይደለም» አለው ሽማግሌው። ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ ላስቲኩን ገለጠ፤ ክዳኑን ወደ ታች ጫን፣ ዞር ሲያደርገው ዘንጉ ወጣ። ከሥሩ ያለችው የፕላስቲክ ቡሽ ተበልታ እንደ ከረሜላ ሳስታለች። በአዲስ ተካት፤ ግራሶ ቀባና መለሰው፤ ሞተሩ እንደጠፋ ፍሪሲዮኑን አስረግጦ አንድ በአንድ፣ የኋላውንም ጭምር አስገብቶ ሞከረ። ሹፌራችን እንደገና ቢነካው ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ትንሽ ቅር ሳይለው አልቀረም።

ልንወጣ ስንል ግድግዳው ላይ በሽቦ የታሰሩ የብረት ቁራጮች አየሁ፤ ስንዝር የማይሞሉ ናቸው። ምንድን ናቸው ብለው፣ «የቆረጥኩላቸው ልጆች ናቸዋ» አለ። «አልጥለውም፤ መልሰህ በይድልኝ እያሉ ይመጣሉ።»