የሳሕል ዝናም ለምን ጐደለ? በሊቃውንትና በተጠራጣሪዎች መካከል ስለ ተነሣው ክርክር

ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ፥ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ሱዳን ድረስ የተዘረጋው ደረቅ የሣር አገር ሳሕል ይባላል። ዝናሙ የሚመጣው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፥ ይኸውም የዝናሙ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን በሚወጣበት ወራት ነው። መቀነቱ በአንዳንድ ዓመት ጥቂት ወደ ደቡብ ከቀረ እህሉም ከብቱም ያልቃል። የኛም አገር የክረምት ዝናም ከዚሁ መቀነት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ነገሩን የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

የ1950ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሳሕል የጥጋብ ዘመን ነበሩ። ከ1968 ጀምሮ ግን ዝናሙ ተቋረጠ፤ በ1973 ረኀብ ሆነ፤ 1984ም ከዚያ የባሰ መጣ። በ1963 ወደ 25,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋ የነበረው የቻድ ሐይቅ በ1980ዎቹ እስከ አንድ አሥረኛው ገደማ ወረደ። በእነዚሁ በ1973 እና በ1984 በወሎ የደረሰውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን መጉደል ሊቃውንትም ሆኑ ተጠራጣሪዎች አይክዱትም። ክርክሩ ስለ ምክንያቱ ነው።

በመጀመሪያ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው በ1975 የአሜሪካው ሊቅ ጁል ቻርኒ ያቀረበው መላ ምት ነው። ከብት ሣሩን ጨርሶ ሲግጠው መሬቱ ይገለጣል፤ የተገለጠ ነጣ ያለ አሸዋም የፀሐይን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል፤ በላዩ ያለው አየር ሙቀት አጥቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚወርድ አየር ደግሞ ደመና አይሠራም። አሳቡ በፊዚክስ ረገድ የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን ከሊቃውንት እጅ ወጥቶ ወደ መንግሥታትና ወደ ርዳታ ሰጪዎች ሲደርስ ሌላ መልክ ያዘ። በ1977 በናይሮቢ ስለ በረሃማነት የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በሰዎች የመሬት አያያዝ ላይ አተኰረ፤ ከብቱ አልቆበት የተራበው ዘላን የድርቁ ተጠያቂ ተባለ። ለዝናም ምክንያት መፈለግ በደለኛ እንደ መፈለግም እንደሚሆን ከዚህ ለመረዳት ይቻላል።

ይህን አስተያየት ያረሙት ራሳቸው ሊቃውንቱ ናቸው። በ1986 ፎላንድ፥ ፓልመርና ፓርከር የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የሳሕልን ዝናም ከውቅያኖሶች ሙቀት ጋር አስተያይተው፥ የደቡብ ባሕሮች ሲሞቁና ሰሜን አትላንቲክ ሲቀዘቅዝ ሳሕል እንደሚደርቅ አሳዩ። በ2003 ጂያኒኒና ባልደረቦቿ የተለካውን የባሕር ሙቀት ብቻ ለኮምፒዩተር ስሌት ቢሰጡት፥ የመድረቁ ታሪክ በመጠኑ ተመልሶ ወጣ። የመሬቱ መራቈት ድርቁን ያባብሰዋል እንጂ አይጀምረውም ማለት ነው። ታዲያ ሰሜን አትላንቲክን ምን አቀዘቀዘው? ለዚህ ከተሰጡት መልሶች አንዱ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣው የድኝ ጭስ ነው፤ ጭሱ የፀሐይን ብርሃን ይጋርዳልና። እንግዲህ ነገሩ በዚህ መንገድ ከታየ የኒጀር ዘላን የተጠየቀበት ዕዳ ቢያንስ በከፊል የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ አገሮች ዕዳ ነበር።

ተጠራጣሪዎቹ ይህን ሁሉ ሰምተው ሦስት ነገር ይላሉ። ሳሕል በ1910ዎቹም ደርቆ ነበር፤ ከብዙ ሺሕ ዓመት በፊት ደግሞ ሰሐራ ራሱ ለምለም ነበር፤ ስለዚህ ዝናም በራሱ ጊዜ ይመላለሳል። ሁለተኛም ከ1990ዎቹ ወዲህ ዝናሙ በከፊል ተመልሷል፤ በረሃው እየገፋ ይመጣል የተባለው ትንቢት ግን አልደረሰም። ሦስተኛም ሊቃውንት ምክንያቱን በየጊዜው ይለዋውጣሉ።

የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ነገር ግን «ይመላለሳል» ማለት ምክንያት መስጠት አይደለም። ሰሐራን ያለመለመው የምድር ምሕዋር ለውጥ በሺሕ በሚቈጠሩ ዓመታት የሚሠራ ስለ ሆነ በሃያ ዓመት ውስጥ የወረደውን ዝናም አያስረዳም። ውቅያኖሶች የራሳቸው መዋዠቅ እንዳላቸውና በድርቁም ድርሻ እንደሚኖራቸው ሊቃውንቱ አይክዱም። የዝናሙ መመለስም ቢሆን የጭሱን መላ ምት አያፈርሰውም፤ የድኝ ጭስ በሕግ ከተቀነሰ በኋላ ሰሜን አትላንቲክ ሞቀ፥ ዝናሙም ተሻሻለ። ሦስተኛው ደግሞ፥ በኛ አስተያየት፥ ከሁሉ ደካማው ነው። ሊቃውንቱ አሳባቸውን ባይለውጡ ኖሮ ዘላኑ እስከ ዛሬ በተወቀሰ ነበር።

ሆኖም ተጠራጣሪዎቹ አጥብቀው ሊይዙት የሚገባ አንድ ነጥብ አለ፤ እነርሱ ግን እምብዛም አያነሡትም። ምድር ስትሞቅ የሳሕል ዝናም ወደ ፊት ምን እንደሚሆን የኮምፒዩተሮቹ ስሌቶች አይስማሙም። ብዙዎቹ በምዕራብ በሴኔጋል በኩል መድረቅን፥ በመካከለኛውና በምሥራቁ ሳሕል ግን የዝናም መጨመርን ያሳያሉ፤ መጠኑ ሲጠየቅ ግን አንዱ ከሌላው በእጅጉ ይራራቃል። ጕድጓድ የሚቈፍረውና ዘር የሚመርጠው ገበሬ የሚጠይቀውም ይህንኑ መጠን ነው።