የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የነበራችሁ እኅቶች፣ በማስጠኛ ክፍላችን በጀት ውስጥ አንዲት መስመር ምን ያህል እንዳከራከረችን ታስታውሳላችሁ። ሦስት ከበሮ፣ አራት ክራርና አንድ ማሲንቆ መግዣ፣ እንዲሁም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ልጆቹን ለሚያስተምር ሰው የትራንስፖርት አበል የሚል ነበር። አንዲት ታላቃችን ብድግ ብለው «ቁርስ ሳይበላ ለሚመጣ ልጅ ከበሮ?» ሲሉ ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤአለሁ።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ሆኜ ስሠራ የሙዚቃን ክፍለ ጊዜ ምን አደርገው እንደነበር ስለማውቅ ነው። ወደዚያ እመለስበታለሁ። ለጊዜው ግን ድምፅ ከመስጠታችን በፊት በአገራችን ልጆች ዜማ የሚማሩት ከየት እንደነበር፣ በተለይ ሴቶች ልጆች የት ላይ እንደቀሩ ያነበብኩትንና የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ማንኛችንም ብንሆን የመጀመሪያውን ዜማ የሰማነው በእናታችን ጀርባ ላይ ታዝለን ነው። ከዚያ ደግሞ ሠፈር አለ። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ የሴት ልጆችን ቡድን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ታናሿ ጭብጨባው ሲጠፋባት ታላቋ እጇን ይዛ ታሳያታለች። በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ሲደርስም እንደዚሁ ነው። መምህር የለ፣ ደመወዝ የለ፣ ፈተና የለ፤ ግን ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት ያቆዩት ሴቶች ልጆች መሆናቸውን ማንም ጽፎ አላመሰገነም።

በሥርዓት የተደራጀውን የዜማ ትምህርት ያቆየችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት ዜማዎች እንደደረሰ ትውፊቱ ይነግረናል። ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ በትር ሸሽቶ ከዛፍ ሥር መቀመጡን፣ እየወደቀ እንደገና ወደ ዛፉ የሚወጣውን ትል አይቶ መመለሱን ሁላችንም ሰምተናል። መምህርት እንደመሆኔ ይህን ታሪክ ሁልጊዜ የምሰማው ከትሉ ይልቅ ስለ በትሩ እያሰብኩ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክቶች አደራጁ። ከዚያ ወዲህ ድጓ የሚማር ልጅ ከቃሉ በላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ፊደላትና ምልክቶች እያየ፣ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፣ ዓመታት ይቆያል። አውሮፓውያን በአምስት መስመር የሚጽፉትን ነገር የእኛ ልጆች በራሳቸው መንገድ ሲያነቡት ኖረዋል ማለት ነው።

ታዲያ ያ ልጅ ወንድ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ደጅ ለደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ወንድ ነው። ሴት ልጅ ከአገር አገር እየዞረች እንዲህ ልትማር የምትችልበት ኑሮ አልነበረም። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው እንደሳቸው ያሉ ብዙ ስላልነበሩ ነው። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ደግሞ በገና ለሴትም አይነወርም ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። ለባለ ጎጆዋ ልጅ ግን ያ ሩቅ ነው።

የአውሮፓ ሙዚቃ አገራችን የገባው በትምህርት ቤት በር አይደለም፤ በወታደር ሰልፍ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የናስ መሣሪያዎች ላኩ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመኖች ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆችን አይተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከእልቂት የተረፉ ልጆች በሰው አገር መሣሪያ ይዘው የቤተ መንግሥት ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው ዜማ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይ ተሰማ፤ የአገሪቱም መዝሙር ሆኖ ብዙ ዓመት ቆየ። በየትምህርት ቤቱ ባንዲራ ሲሰቀል ተሰልፈው የዘመሩትን ሕፃናት አስቡ። ለብዙዎቹ የዘመናዊ ሙዚቃ ትምህርት ማለት ያ የጠዋት ሰልፍ ብቻ ነበር።

ለምን ከሰልፉ አልፎ ክፍል ውስጥ አልገባም? አንዱ ምክንያት የመምህርና የመሣሪያ እጥረት ነው። ሌላው ግን እኛው ነን። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገን የኖርን ሰዎች ነን። በሰርጋችን ያለ እሱ አንደሰትም፣ ልጃችን እሱን ልሁን ካለ ግን ቤቱ ይታመሳል። ሴት ከሆነች ደግሞ ይብሳል። መምህርት ሳለሁ አንድ አባት መጥተው «ልጄን የላክኋት ፊደል እንድትቆጥር ነው፤ አዝማሪ እንድትሆን አይደለም» ብለውኛል። ልጅቷ ያደረገችው በወላጆች ቀን መድረክ ላይ መዘመር ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሁለት እኅትማማቾች ትዝ ይሉኛል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆች፣ ስንዱና የውብዳር ናቸው። የባለሥልጣን ልጆች ነበሩና ዕድላቸው የእኛ ሠፈር ልጆች ዕድል አይደለም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የውብዳር በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደች። ስድስት ዓመት ሲሆናት ከእኅቷ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከች፤ ቫዮሊንና ፒያኖ የጀመረችውም እዚያ ነው። እንግዲህ ይህ በትክክል የእኛ የአንደኛ ክፍል ልጆች ዕድሜ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ወደቀ፤ እኅትማማቾቹም ተይዘው አዚናራ በምትባል የጣሊያን ደሴት ታሰሩ።

ከነጻነት በኋላ የሁለቱ መንገድ ተለያየ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ አስጫወቱ፤ በሌላው መድረክ የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሴት ልጅ ሰው ፊት ቆማ ድምጿን ማሰማትን ከምን ትማራለች ለሚለኝ ሰው የእሳቸውን ስም እጠራለሁ።

ታናሽ እኅታቸው የውብዳር ካይሮ ሄዳ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባለ የቫዮሊን መምህር ተማረች። ወደ ለንደን ሄዳ ለመማር የነበራት ዕድል ግን ፈቃድ ተከልክሎ ተቋረጠ። ምግብ እምቢ አለች፤ ታመመች፤ በመጨረሻ ሁሉን ትታ ግሸን ማርያም መነኮሰች። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ብለን የምናውቃቸው እሳቸውን ነው። ለዓመታት በባዶ እግራቸው ሄዱ፤ ፒያኖም አልነበራቸውም።

ለእኛ ጉዳይ የሚሆነው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እማሆይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር በቆዩበት ጊዜ የቆሎ ተማሪዎቹን በየቀኑ ያዩ ነበር። ለምነው የሚበሉ፣ ደጅ የሚያድሩ፣ እንዲያም ሆኖ የሚማሩ ልጆች። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው በስድስት ዓመታቸው የጀመሩት ሙያ ብቻ ነበር። በ1959 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኛ ልጆች አዋሉት። በ1976 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው አረፉ። በስማቸው የቆመው ፋውንዴሽንም ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ይረዳል። በውጭ አገር ሆናችሁ ማኅበራችንን የምትደግፉ አንዳንዶቻችሁ የፒያኖ ሥራዎቻቸውን ከእኔ በፊት እንደሰማችሁ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ሙዚቃ በትምህርት ቤቶቻችን በወረቀት ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ከሥዕልና ከስፖርት ጋር ተጠቃልሎ ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «የክወናና የእይታ ጥበባት» በሚል ስም ይሰጣል። መጽሐፉ አለ፣ ክፍለ ጊዜው አለ። አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት በሚያስተምርበት ክፍል ግን ያ መምህር ዜማ ባይችልስ? እኔ አልችልም ነበር። በሥልጠናዬ ማንም ከበሮ በእጄ አላስያዘኝም። ስለዚህ ፈተና ሲቃረብ ያንን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ እወስደው ነበር። ፈተና ባይቃረብም እወስደው ነበር። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ወላጆችም ደስ ይላቸው ነበር።

አንድ ዓመት፣ ቃል ከአፏ የማይወጣ ልጅ ነበረችኝ። ስሟን ስጠራ ራሷን ትደፋለች። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ስሄድ ሰባት ስምንት ሴቶች ልጆች ክብ ሠርተው ሲጫወቱ አየሁ። የምታወጣው እሷ ነበረች። ድምፅዋ ከሁሉም ጎልቶ ይሰማ ነበር። ደውሉ ተደወለ፤ ልጆቹን አስገባሁና ሒሳብ ጻፍኩላቸው። እሷም እንደ ወትሮዋ ራሷን ደፋች። ያን ዕለት ያልገባኝ አሁን እየገባኝ ነው መሰለኝ፣ በስብሰባው ማጨብጨቤ ያሳፈረኝ።

ታላቃችን ያሉት የቁርስ ነገር ግን ትክክል ነው፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እሳቸውን ለመርታት አይደለም። የጎንደር ተማሪዎችም የተራቡ ነበሩ፤ እማሆይም ያሰቡት ለሆዳቸውም ነው። ሒሳብ ሹማችን ቁርሱና መሣሪያው ከአንድ መስመር እንዳይሻሙ ሁለቱን ለየብቻ ያስቀመጠ ሠንጠረዥ አዘጋጅታለች። እኔ ደግሞ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ዋጋ ጠይቄ መጥቻለሁ፤ አራቱ ክራር ወደ ሁለት ቢወርድ ሦስቱም ከበሮዎች ይገዛሉ። ስብሰባው የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።